የአምባዛው ጆንያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዓም እድሪስ መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው። «ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። አወለቅኩ። ተረከዜን አገላብጠው አዩና «የገበሬ እግር ነው፤ ጭቃ አይፈራም» ብለው እርጥብ መረብ አሸከሙኝ። ዓም ማለት በሱዳኖች አጎት ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥህን ሰው እንዲያ ብለህ ትጠራዋለህ። ከመፋዛ ከፍ ብሎ ባለው የራሃድ ወንዝ ላይ ዕድሜያቸውን ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ።

እኔ የደምቢያ ሰው ነኝ። ጣና አጠገብ ተወልጄ ዓሣን የማውቀው ከድስት ነበር። ሱዳን የገባሁት ቁረይሻ በሚባል ቦታ ሰሊጥ ለማጨድ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቼ በመተማ በኩል ወደ አገር ተመለሱ፤ እኔ ራሃድ ዳር ወዳለ የሽንኩርት እርሻ ሥራ ፍለጋ ሄድኩ። እንደደረስኩ ወባ ጣለኝ።

ያነሳችኝ ፈንታነሽ ናት። በእርሻው ካምቦ፣ ማለትም በሠራተኛው ሰፈር፣ ለሠራተኞች የምታበስል የአርማጭሆ ሴት ናት። «እህል ቅመስ፤ እኔ እዚህ ሙሾ የማወርድበት ጊዜ የለኝም» እያለች በግድ አጎረሰችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እቴ እላታለሁ። ስድን ጉልበቴ ለቁፋሮ አልመለስ አለ። ለዓም እድሪስ ነግራ ሥራውን ያስገኘችልኝም እሷው ናት።

የዓም እድሪስ ትእዛዝ አጭር ነበር። መረብ ሳይጨልም ይጣላል፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይታያል፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። መብራት ግንባር ላይ ይታሰራል። ከጉልበት በላይ ውሃ ውስጥ አይገባም። መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ቀስረው እንዲህ አሉኝ፦ «ለወንዙ ምግብ አትስጥ። ያልፈለግከውን ዓሣ ለእኔ አምጣ፤ ካልቻልክ አርቀህ ቅበር። የመንደሩ ሸኽ ቦታውን የፈቀዱልን በዚህ ቃል ነው። ሰው ውሃ በሚቀዳበት ቦታ አውሬ ካስለመድክ እንጀራህ ያኔ አበቃ።»

ራሃድ በበጋ ወንዝ አይባልም። ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ዓሣውም፣ ዓሣ የሚበላው አውሬም፣ ሰውም እዚያችው ኩሬ ላይ እንገናኛለን። ሌሊት ብቻህን ስትሆን ይህ በደንብ ይገባሃል።

አንድ ሌሊት ጀርባዬን ለቁጥቋጦው ሰጥቼ የተተበተበ መረብ ስፈታ አንገቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ። የካምቦው ውሻ መስሎኝ «ሂድ ወዲያ» አልኩ። አልሄደም። ስዞር መብራቴ ጅብ ላይ አረፈ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። አየኝ፣ አየኝና አጠገቤ ያለውን አንድ እግር ጫማ በጥርሱ አንጠልጥሎ ሄደ። ጠዋት ለዓም እድሪስ ስነግራቸው «እግርህን ለይቶ ትቶልሃል፤ ጨዋ መርፈዒን ነው» አሉኝ። መርፈዒን የሚሉት ጅብን ነው። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ሳምንት ሙሉ አንገቴን ስዳብስ ከረምኩ።

ሌላ ጊዜ መረቡን ስስብ ከበደኝ። የመብራቱ ባትሪ ስላለቀ በዳበሳ እጄን ሰደድኩ። ዓሣ ሲነኩት ይሸሻል። ይህኛው ወደ ክንዴ መጣ። ዘንዶ ነበር፤ ዓሣ ሊሰርቅ ገብቶ መረቡ ጠልፎታል። ክንዴን አንድ ዙር ጠምጥሞ ቆመ፤ እሱም ደክሞታል መሰለኝ። በግራ እጄ መረቡን በቢላ ቀድጄ እስኪላቀቅልኝ ድረስ አቡነ ዘበሰማያትን ስንቴ እንደደገምኩ አላውቅም። ዓም እድሪስ የተቆጡት ግን ስለ መረቡ ነው።

እነዚህ አስፈሩኝ እንጂ አልጎዱኝም። የጎዳኝ ድካሜ ነው።

ሁዳዴ ገባ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በካምቦው አያልቅም። ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ያማትባል። የሚበላውም ቆሮሶን ብቻ ነው፤ ቅርፊት አለውና። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የእኛ ሰው አይነካውም። ከአምባዛ ጋር በአንድ ጆንያ ያደረ ቆሮሶ እንኳ ይመለስብኛል። ስለዚህ ሁለት ጆንያ መያዝ ነበረብኝ፤ ቆሮሶውን ወደ ካምቦ፣ አምባዛውን ወደ ዓም እድሪስ። ሱዳኖቹ አምባዛ ይወዳሉ። ግን የሳቸው ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ ያንን ጆንያ መሸከም እየመረረኝ ሄደ። አንድ ቀን ጎህ ሊቀድ ሲል አምባዛውን ገልብጬ ኩሬው ውስጥ ደፋሁትና ሄጄ ተኛሁ። በማግስቱም ደፋሁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። «ዘንድሮ ገርሙት ጠፋ እንዴ?» ብለው ዓም እድሪስ ስለ አምባዛው ሲጠይቁኝ «ጠፋ» አልኳቸው።

ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ሁለት ዓይኖች ማየት ጀመርኩ። በመብራት ፍም ይመስላሉ። መጀመሪያ ከማዶ ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ቀረቡ። አዞው አምባዛ የምደፋበትን ሰዓት ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ ቀድሞኝ መጥቶ ይጠብቃል። በሕማማት ሰኞ ሌሊት አንድም አምባዛ አልተያዘም። የምደፋለት አልነበረኝም። አዞው ጠበቀ፣ ጠበቀና መንጋጋውን ደረጃው ላይ አሳረፈ።

ደረጃ ያልኩት ለእግሬ እንዲመቸኝ ገደሉን ቆፍሬ የሠራሁትን ነው። የድሮው መቅጃ ቁልቁለት ስለሆነ ፈንታነሽ ደረጃዬን ካየች ወዲህ ውሃ የምትቀዳው ከእኔ ቦታ ሆኗል። በየማለዳው ጀሪካኗን ይዛ በዚያው ትወርዳለች።

የዚያን ቀን ስትመጣ ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበልኩ። «ዛሬ እኔ ልቅዳልሽ።»

«ምነው፣ ሚስት ፈለግክ እንዴ?» አለችኝ።

«ደክሞሽ ይሆናል ብዬ ነው፣ እቴ።»

«ደክሞኝ የማያውቅ ይመስል» ብላ ሳቀች።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ብናገር «ማን አስለመደው?» መባሉ አይቀርም፤ ሸኹ ይሰማሉ፣ ቦታውን ይከለክሉናል፣ እኔም ሥራ ፈት እሆናለሁ። ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። እስከዚያ እኔ እቀዳላታለሁ። ማክሰኞም ረቡዕም ሐሙስም ቀዳሁላት፤ አዞው ላይ የቻልኩትን ያህል ድንጋይ እየወረወርኩ።

ሐሙስ ሌሊት አልወጣሁም። በማግስቱ ስቅለት ነው፤ ለስግደት ጉልበት ያስፈልጋል ብዬ ካምቦው ውስጥ ተኛሁ። ሰውነቴ ግን የለመደበት ሰዓት፣ አምባዛ የምደፋበት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። ገና ጨለማ ነው። ተነስቼ ሳይ የፈንታነሽ ጀሪካን ከቦታው የለም። ለካስ ቀኑን ሙሉ ስግደት ነውና ውሃውን ሳይነጋ ቀድታ ልትጨርስ ወጥታለች።

ቢላዬን ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ ደረጃው ላይ በደረቷ ተደፍታ በቀኝ እጇ የዛፍ ሥር ጨብጣለች። ግራ እጇ ወደ ውሃው ተወጥሯል፤ የጀሪካኑ ገመድ አንጓዋ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አዞው የያዘው ጀሪካኑን ነው። አልጮኸችም፤ ትንፋሿን ሁሉ ለሥሩ ሰጥታዋለች። ገመዱን በጠስኩት። ጀሪካኑ ሰጠመ፤ እሷን በወገቧ ይዤ ወደ ላይ ጎተትኩ።

ትከሻዋ ወልቆ ነበር። መፋዛ ጤና ጣቢያ ወስደን መለሱላት፤ ክንዷ ግን እስከ ዛሬ ከደረቷ በላይ አይነሳም።

ካምቦው ጀግና አደረገኝ። «እግዜር በስቅለት ቀን ላከልን» አሉ። እሷም «ደርሰህልኛል፣ ውለታህን ይክፈልህ» አለችኝ። ያ ምስጋና ካደርኩት ሌሊት ሁሉ ይልቅ አደከመኝ።

ቅዳሜ ዕለት ለዓም እድሪስ ተናዘዝኩ። እሳቸው ግን ቀድመው ሄደው ቦታውን አይተውት ኖሯል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የአምባዛ ራስ አሁንም ነበር። አልተቆጡም። «ኸላስ፣ በቃ፤ መረቤን አምጣ» ብቻ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ኋላ ላይ ኒው ሀልፋ ሄጄ በመስኖው ቦይ ለሌላ ሰው ዓመታት አጠመድኩ። የአምባዛውን ጆንያ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልጣልኩም።

አሁን ዓይኔም ጉልበቴም ደክሟል። ገዳሪፍ ተቀምጬ የሌሎችን መረብ እጠግናለሁ። ፈንታነሽም እዚሁ ናት፤ የሱዳኑ ጦርነት ካፈናቀላቸው ሴቶች ጋር ሆና ገበያ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች። ማንቆርቆሪያውን የምታነሳው በቀኟ ብቻ ነው። አምና አንድ ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ አምባዛውን፣ ዓይኖቹን፣ ለምን እንደቀዳሁላት።

ብርጭቆ እያጠበች ሰማችኝ። ስትጨርስ ደፋችውና ቀና አለች።

«ያ ጆንያ ከብዶህ ነው?»

«አዎ፣ እቴ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እሸከምልህ ነበር እኮ።»

ሌላ ሻይ ቀዳችልኝ።

በወንዝ ዳር ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው። የማትበሉትን ዓሣ ተሸክማችሁ ውሰዱ፤ ካልሆነ ከውሃው አርቃችሁ ቅበሩ። አውሬ ካስለመዳችሁ በዚያው ጠዋት ተናገሩ። በዓል እስኪያልፍ አትጠብቁ።