ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ

ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጪ ተብዬ ነው ያንን ደረጃ የወጣሁት። ፎቶ ቤቱ ከጎማ ሰሪ ሱቅ በላይ ነው፤ ከታች ጎማ ሲደበደብ ከላይ ወለሉ ይነዝራል። በመስኮቱ በኩል አንዲት ጠና ያሉ ሴት በመቁረጫ የሰው ፊት በአራት በአራት እየቆረጡ ይደረድራሉ። ባለቤታቸው ፎቶ አንሺው ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከበርጩማውም ንቅንቅ አይሉም።

«ወንበርሽን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው፣ እህቴ።»

አደረግሁ።

«ትንሽ ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ወንበሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ኋላ ቢሉ አይቀልም?» አልኩ፣ ለቀልድ ነው።

ከመቁረጫው በኩል ሳቅ መጣ። «ወይ ልጄ፣ እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከሚሄድ ሱቁን ቢዘጋ ይመርጣል።»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ።»

«ንገራት እንጂ። ዝናቡ እስኪያባራ የት ትሄዳለች?»

ዝናቡስ እውነት ነው፤ ግን ፀሐይ ቢሆንም አልሄድም ነበር። ወሬ ሲሸተኝ እግሬ ይታሰራል። ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ፊት ሲያነሱ ኖረዋል። ከደንበኛው ጀርባ የሚንጠለጠል፣ በረዶ የለበሰ ተራራ የታተመበት ሸራ አላቸው። ሙሽራውም፣ ተመራቂውም፣ ጡረተኛውም በዚያ ተራራ ፊት ቆሟል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተነስተው ሲያበቁ ዞር ብለው ሸራውን አዩና «ይኼ ተራራ የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ እንጃ አልኳቸው» አሉኝ ፎቶ አንሺው። «ሽማግሌው ደንግጠው አዩኝ። ‹አታውቀውም? ታዲያ እኔን የት ነው ያቆምከኝ?› አሉ። ያቺ ነገር ሆዴ ገባች።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። የራሴ የምለው፣ ቆሜ ያየሁት ተራራ ይኑረኝ አሉ። የግማሽ ቀን መንገድ ተነድቶ የሚደረስበት፣ ተራራ ብቻ የሆነ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ባለቤታቸው ጉልበቱንም፣ ዕድሜውንም፣ አሮጌዋን መኪናም ቆጥረው ቆጥረው በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጡ፤ ጎማ ሰሪው አብሮት ከሄደ ይሂድ፣ ብቻውን ግን አይታሰብም።

ጎማ ሰሪው የልብ ጓደኛቸው ነው። እሺ አለ። በመሄጃው ዕለት ንጋት ላይ ግን ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ ተይዞበታል። መኪናዋ ተጭናለች፣ ስንቁ ተቋጥሯል፣ ሰማዩ ደግሞ ጥርት ብሏል።

«ምን ተማከርን መሰለሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሚስታቸው እዚያው እየሰሙ። «እሱ ሁለት ቀን ከሠፈር ይጠፋል፤ እህቱ ጋ ይደበቃል። ስልኩንም ይዘጋል፣ እሷ ደውላ እንዳትደርስበት። እኔ እሄዳለሁ።»

«ሁለቱም የልጅ አያት ናቸው እንግዲህ» አሉ ሴትዮዋ መቁረጫውን ሳያቆሙ።

የፓርኩ በር ላይ ዘበኛው መዝገብ ዘርግቶ ስንት ናችሁ አላቸው። ብቻውን የመጣ ሰው መሪ ሳይዝ እንዳይገባ የሚል ማስታወቂያ ከበሩ ተለጥፏል። እሳቸው ደግሞ ፎቶ ሲያነሱ ከጀርባቸው ሰው ከቆመ እጃቸው ይተሳሰራል። «ሁለት ነን፣ ጓደኛዬ ከኋላ እየመጣ ነው» አሉ። ዘበኛው ሁለት ብሎ ጻፈ።

መንገዱ ገና ከጅምሩ አስፈሪ ነበር አሉኝ። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ከወዲያ መልስ ሲያጡ ደግሞ ይባስ ይፈራሉ። ሦስት ጊዜ ልመለስ አሉ፤ መኪና ማዞሪያ ቦታ ግን የለም። አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ አቆሙ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወተፉ፣ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በእግር ወደ ላይ ወጡ።

«ወጣሁልሽ። ፊት ለፊቴ ተራራው ቆሟል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ሰው ሆኖ ቢነሳ ጫማው ብቻ ነው ፎቶ ውስጥ የሚገባው። የቆምኩበት ቦታ እንደ አህያ ጀርባ ነው፤ ግራ ቀኙ ቁልቁለት። ዓይኔን ካሜራው ላይ ተከልኩ። ጫፉ ተቆረጠብኝ። እና ምን አደረግሁ?»

ምን እንዳደረጉ ገባኝ። ቤተሰብ ሊነሳ ሲመጣና አንዱ ከዳር ሲቀር ፎቶ አንሺ የሚያደርገውን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ በቀን ሃምሳ ጊዜ ያደርጉት ነበር፤ በሦስተኛው እርምጃ ጀርባቸው ግድግዳ ይነካል፣ ያኔ ይጫኑት ነበር። ዓይን ካሜራ ላይ ሲሆን ጀርባ ነው የሚያየው።

«አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። ሦስት ስል ግድግዳው የለም።»

በሆዳቸው ተንሸራተው ወረዱ። እግራቸው አንድ ነገር ላይ አረፈ፤ ከገደሉ ወጣ ያለ፣ ጫማ የሚያሳርፍ ጠባብ እርከን ነው። ፊታቸው ከድንጋዩ ተጣብቋል። የወደቁበት ጠርዝ ከላይ አለ፤ እጃቸውን ቢዘረጉ አይደርስም። ጎንበስ አይባል፣ ዞር አይባል። አንገታቸውን ሊያዞሩ ሲሞክሩ ምድር እንደ እንዝርት ሾረች፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይቶ ጉም መጣና የቀረውን ሁሉ ሸፈነው።

«ጮህኩ። ማን ይሰማል? ስልኬ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ማን ሊፈልገኝ ይችላል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እሷ ከጓደኛው ጋር ነው ብላለች። ዘበኛው ከጓደኛው ጋር ነው ብሎ ጽፏል። ብቻዬን መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ስልኩን ዘግቶ እህቱ ቤት ተደብቋል። ማንም እንዳይፈልገኝ አድርጌ በደንብ የሠራሁት ራሴ ነኝ።»

ሴትዮዋ መቁረጣቸውን አቁመው ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ሰምተውት ይሆን፣ አሁንም ቀና አላሉም።

ያዳናቸው ያው የጣላቸው ነገር ነው። ዓይናቸው ማየት ቢፈራ ካሜራው አይፈራም። በቀኝ እጃቸው ወደ ጎን ዘርግተው ተጫኑትና ወደ ፊታቸው መልሰው የካሜራዋን መስኮት አዩ፤ እርከኑ በቀኝ በኩል ሁለት ስንዝር ሄዶ ያልቃል። በግራ ዘረጉ፤ ነጭ ጉም። ጠበቁ። ላብ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ፣ ስሙን የሚያውቁትን ሁሉ በልባቸው እየጠሩ ጠበቁ። ጉሙ ሳሳ ሲል እንደገና ተጫኑ። በግራ በኩል እርከኑ እየሰፋ፣ እየሰፋ ወጥቶ ከመንገዱ ጋር ይገጥማል። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

«አሥር እርምጃ! ከዚህ እስከ ደረጃው። አንድ ፎቶ አነሳለሁ፣ እግሬ የሚያርፍበትን አያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ እርምጃ በጎኔ እሄዳለሁ። እንደገና አንድ ፎቶ። አራተኛው ላይ ከጫማዬ በታች ወፍ ስትበር አየሁ። ጀርባዋን ነው ያየሁት። ወፍ ከላይ ሆነሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።»

ወጡ። መኪናዋ ድረስ በእጅና በእግራቸው ዳኹ፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ግን መቆም አቃታቸው። ቁልፉ ከቀዳዳው አልገጥም ብሎ አስቸገራቸው። በአንደኛ ማርሽ እየተጎተቱ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው የተቀደደ ሸሚዛቸውንና የደማ ክርናቸውን አየ። መዝገቡንም አየ።

«‹ጓደኛህስ?› አለኝ። ዞሬ ተራራውን አየሁ። እሱ ሌላ ነገር መሰለው፤ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሰው ሊጠራ ተነሳ። ‹የት ጋ ነው የወደቀው? ተነስ አሳየን!› እጁን ያዝኩት። ‹አንድ ነኝ› አልኩት፣ ‹መጀመሪያም አንድ ነበርኩ።› ፊሽካውን ኪሱ ከተተና ሁለትን ሰርዞ አንድ ብሎ ጻፈ።»

«ቤት ሲገቡስ?» አልኩ።

«መኪናው አዳልጦን ነው፣ ክርኔን መታኝ አልኳት። አመነችኝ።»

«ማን አመነህ?» አሉ ሴትዮዋ። ወደ እኔ ዞሩ። «ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር የምገለብጠው እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ። እሱን ረስቶታል። አሥራ ሁለት ፎቶ ድንጋይና ጫማ። ከመሃሉ ያቺ ወፍ። ዝም ብዬ ጎማ ሰሪውን ጠራሁና ሻይ ሰጠሁት። ተራራው እንዴት ነበር ስለው ‹ኧረ ብርዱ አይጣል ነው› ይላል፣ ወገቡን ይዞ። ወፏን አሳየሁት። ‹እስቲ ይቺን ወፍ ስታዩ አንተ የት ቆመህ ነበር?› አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ወረደ።»

ሦስታችንም ሳቅን። የሴትዮዋ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

«በመውደቁ አልተቆጣሁም» አሉ ሴትዮዋ፣ አሁን ለእኔ ይሁን ለባላቸው ሳይታወቅ። «ሰው ይወድቃል። ግን ቢቀር ኖሮ፣ የጎማ ሰሪው ደጃፍ ላይ ቆሜ ሁለቱን ስጠብቅ ነበር የምከርመው።»

ከታች መዶሻው ሁለት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።

ሸራው ላይ ያለው ተራራ ያው የጥንቱ መሆኑን አይቼ፣ የራስዎስ የታለ አልኳቸው። አንድ ጥሩ ወጥቶላቸው ነበር፣ ከሦስቱ እርምጃ በፊት የተነሳ። ሚስታቸው እንዳይሰቀል ከለከሉ። «በዚያ ፊት ደንበኛ ቆማ ሳቂ ስትባል ማየት አልችልም» ነው ያሉት።

ዝናቡ አባርቷል። ቦርሳዬን አነሳሁና ፎቶዬን መቼ ልምጣ አልኩ። ፎቶ አንሺው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ እስከ በሩ በዓይናቸው ሸኙኝ።

«ነገ ከሰዓት ነይ። እኔ ባልኖር እሷ ትሰጥሻለች፤ የት እንደሄድኩም ብትጠይቂያት ታውቃለች።»