የእማ እግርና የለታይ ትከሻ

አደጋው የገባኝ እማ ከወደቀች በኋላ፣ አንድ ጠዋት ነው። ከገመድ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ሁለት እግሯን አንጠልጥላለች። መሬቱን ልክ እንደ ገደል ቁልቁል ታየዋለች። ከእግሯ እስከ አፈሩ ስንዝር እንኳ አይሞላም። "ውረጂ እንጂ እማ" ብላት ራሷን ነቀነቀች። 

ልጅ እያለሁ፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ከአርማጭሆ ቆላ ወርደን ሱዳን ውስጥ ወድ ኤል ሒለው ከስደተኛው ጋር ሰፍረን ነበር። አባባ ሥራ ፍለጋ ባሱንዳ ሄዷል፤ እማና እኔ ከወንዙ ዳር በአንዲት የሣር ጎጆ ቀረን። እማ የእርዳታ ዱቄት ስታቦካ ቀኝ ጎኗ ዛለ፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ዛሬ ስትሮክ ይሉታል። ያኔ ሰው ሁሉ "ለከፋት" ነው ያለው። ነፍሷ ተረፈች፤ ውላ አድራም ምሰሶ ይዛ መቆም ጀመረች። ኋላ እኔ ውሃ ልቀዳ በወረድኩበት ብቻዋን ተነስታ ወደቀች። አልተሰበረችም፤ ግን እስክመለስ ድረስ ፊቷ አፈር ላይ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? እግሯ ቢሻለውም ልቧ እምቢ አለ።

ጎረቤትም አላገዘን። ያለፈ ያገደመው ሁሉ "አደራ አትነሽ፣ ትወድቂያለሽ" ይላታል። ከደግነት ነው፤ እሷ ግን ቃሉን እንደ መርዶ ትሰማዋለች። ረሃቡ ጭኗን አቅጥኖታል። በተቀመጠች ቁጥር እግሯ ይደክማል፤ እግሯ በደከመ ቁጥር ደግሞ ትፈራለች።

የሚያስነሳት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ለታይ። ከትግራይ የመጡት ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት። በዕድሜም በቁመትም ትበልጠኛለች፤ በቅልልቦሽ ጠጠሩን ሁሉ ጠርጋብኝ ትሄዳለች። ያ አልበቃ ብሎ እናቴን ወሰደችብኝ። ጠዋት ጠዋት ብቅ ስትል የእማ ፊት ይፈታል። "ጓለይ" ትላታለች፤ በነሱ ቋንቋ "ልጄ" ማለት ነው። ከአማርኛ ሌላ ቀምሳ የማታውቅ እናቴ በተጣመመ አፏ ያቺን ቃል ለሷ ብላ ተማረች። እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

ቅናቱ እንደ ቃር ደረቴን ያቃጥለኝ ነበር። ለታይ በሌለችበት ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ሁለት እጇን ይዤ፣ እስባለሁ። እማ እንደ እንጨት ትደርቃለች።

"ልቀቂኝ፣ ልትጥይኝ ነው" ትለኛለች።

"ለታይስ? እሷ ምን የተለየ ነገር አላት?" አልኳት አንድ ቀን አኩርፌ።

"እሷ ነዶ ታቆማለች። አንቺ ትጎትቻለሽ።"

ሰሊጥ ያጨደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የታጨደ ሰሊጥ ይታሰርና እስኪደርቅ ነዶው በነዶ ተደግፎ ይቆማል። ብቻውን አይቆምም፤ ከጎተቱት ደግሞ ፍሬው ይረግፋል። ለታይ ከእናቷ ጋር አጨዳ ውላለች። እማን በታመመው ጎኗ ትጠጋና ትከሻዋን ሰጥታ ዝም ትላለች። እማ በራሷ ጊዜ ተደግፋ ትነሳለች። ይሄ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ዓይኔ ግን ለታይን ሲያይ ትከሻዋን ሳያይ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ ለታይና እናቷ በሎሪ ሾዋክ ከተማ ሄዱ፣ ዘመድ ሊጠይቁ። ደስ አለኝ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስንለምነው የከረምነው ዝናብ መጣ። የዚያ የጥቁር መሬት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ልጆች ራቁታቸውን ሲዘሉ ቆዩና ጩኸት ተሰማ። ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ ውሃ ታንከሩ ውጡ ይላሉ፤ ታንከሩ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ሰው ልጁንና ድስቱን እያነሳ ይሮጣል። ውሃው በበራችን ገባ። መሬት አልነካም ያለውን የእማን እግር ውሃው መጥቶ ነካው።

"ለታይን ጥሪያት" አለችኝ።

"ሾዋክ ናት እኮ።"

"ጥሪያት።"

አለቀስኩ። ሞት በር ላይ ቆሞ እንኳ የምትፈልገው እሷን ነው። እንባዬን ሳልጠርግ በቀኝ ጎኗ ዞሬ ተጠጋኋት። እጇን አልያዝኩም። ማልቀሴን እንዳታይ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ዝም አልኩ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ አለፈ። ቆይቶ የእማ ክብደት ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ተነሳች።

ጭቃው ያንሸራትታል። ስትቆም እቆማለሁ፣ ስትራመድ እራመዳለሁ። አንድ ሰውዬ ሊረዳን ሮጦ መጥቶ እጇን ሊስብ ሲል "ተዋት፣ ሰሊጥ ናት" አልኩት። ግራ ገብቶት ከኋላችን ተከተለ። ታንከሩ ሥር ደረስን። እማ ብረቱን ይዛ ቁልቁል ስታይ ከጎጆአችን የቀረው የጣሪያው ጫፍ ብቻ ነው። ትንፋሿን ሰብስባ "ለታይ ብታይሽ" አለች። ከዓለም ቃል ሁሉ ያንን።

ይኸው ዛሬ ገዳሪፍ ወልጄ ከብጄ እኖራለሁ። ዓምና እኔንም ያው ስትሮክ ግራ ጎኔን መታኝ። ሐኪሙ እግርሽ ደህና ነው ይላል፤ እግሬን ማን ጠየቀው። የደጃፌ ደረጃ ገደል ሆናብኛለች። ዘንቢል አንጠልጥለው፣ መሬቱን ሳያዩ፣ እያወሩ ወደ ሱቅ በሚሄዱት ሴቶች እቀናለሁ። በእናቴም እቀናለሁ፤ እሷ ለታይ ነበረቻት። ያኔ የምንበላው አልነበረም፣ ትከሻ ግን ነበር። ዛሬ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ፣ የሚወዱኝ ሁሉ ይጎትቱኛል።

ዛሬ ጠዋት ዘንቦ አባራ። እዚሁ የተወለደችው ልጄ ሰናይት "ያላ ተነሺ እማ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ፀሐይ ሙቂ" ብላ ሁለት እጄን ሳበች። ደረቅኩ።

"ልቀቂኝ። በግራዬ ዙሪና ዝም በይ።"

ዞረች። ትከሻዋ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ደረጃዋን ወረድን፣ ጭቃውን አለፍን፣ ኒሙ ሥር ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ለታይ ብታይሽ ልላት ከአፌ ደርሶ መለስኩት፤ ቅናቱን አውቀዋለሁና።

"ደህና ነሽ?" አለችኝ።

"ደረስኩ፣ ልጄ። አልወደቅኩም። ደህና ነኝ" አልኳት።