የጀማል ፈረንሳይ እጆች

ስዊድን አገር ኖርስቦሪ ውስጥ ጀማሉዲን ቢሉ የሚያውቀው የለም፤ ጀማል ፈረንሳይ ሲሉ ግን የማያውቀው የለም። ሰውዬው ፈረንሳይን ረግጧት አያውቅም። በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ቡድን አማካይ ነበር። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን አማካዮች ኳስ ሲያባብሉ በቴሌቪዥን ያየ የአገሩ ሰው እሱን ሲያይ፣ "ይኼስ ፈረንሳይ ነው" ብሎ ስም አወጣለት።

ጨዋታው አልሰነበተም። ጋሮማ የሚባል ተከላካይ ጉልበቱን መታው። የቡድኑ ወጌሻ አቶ ባዩ በቅቤ እያሹ እብጠቱን አጠፉለት። ወዲያው ሜዳ ገባ፤ ኳስ ይዞ ሲዞር ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ይኸው ዛሬም ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ እያነከሰ ዕቃ ሲያነሳ ጋሮማን ይረግማል፣ አቶ ባዩን ይመርቃል።

ልጁ ሩሚሳ ጨዋታውን ወረሰች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለስዊድን ወጣት ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ምርጫ ስትጠራ ጀማል የሚያደርገው ጠፋው። እሱ ያልደረሰበት ልትደርስለት ነው።

ምርጫው ሲቃረብ ልምምድ ላይ ጉልበቷ ዞረ። የክለቡ የሕክምና ባለሙያ፣ "ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሄደሽ ኤም አር አይ እስክትነሺ ኳስ እንዳትነኪ" አላት።

"ይኼ ወለምታ ነው" አለ ጀማል። "ወለምታ በእጅ ነው የሚድነው።"

"ተው ጀማል፣ ሐኪም ይሻላል" አለች ሚስቱ ሳፊያ።

"እኔን ማን አዳነኝ?" ብሏት እያነከሰ ቅቤ ሊያመጣ ሄደ። እያነከሰ ድኛለሁ የሚል ሰው ምን ይሉታል?

በየቀኑ አሻት። እብጠቱ ሟሸሸ። ሩሚሳም አባቷን አምና ለአሠልጣኟ "ድኛለሁ" አለች። በምርጫው ጨዋታ ኳስ ይዛ ስትዞር ወደቀች። ማንም አልነካትም። ጀማል ከመስመሩ ውጭ ቆሞ አያት፤ እሱም የወደቀው እንደዚያው ነበር።

የጀማል ስዊድንኛ ለመጋዘን እንጂ ለጅማት አይበቃም። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ያለችውን ሩሚሳ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳችው። ጅማቱ የተበጠሰው ልምምዱ ላይ ነው። መታሸት እብጠት ያጠፋል እንጂ ጅማት አይቀጥልም። በዚያ ላይ መጫወቷ ልም አጥንቱን ፈጀው። ትራመዳለች፤ በዚያ ደረጃ መጫወቱ ግን አበቃ።

ጀማል ሱሪውን ሰብስቦ የራሱን ጉልበት አሳየ። ሐኪሟ ነካክታ አንድ ነገር አለች። ሩሚሳ ለመተርጎም ከበዳት።

"ያንተም እንደኔ ነው አባዬ" አለች በመጨረሻ። "በጊዜው ቢታከም ኖሮ ትጫወት ነበር ትላለች።"

ጋሮማ ምስኪኑ ያን ሁሉ ዓመት የእርግማኑን ሁሉ ሸክም ብቻውን ተሸከመ። ጀማል አቶ ባዩን መርገምም አልሆነለትም፤ ያሹት ወደውት ነው። እሱስ ልጁን ያሻት ጠልቷት ነው?

ከኦፕሬሽን በተመለሰች ዕለት ሩሚሳ ሕመሙ ሲብስባት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ በፋሻ የታሰረ እግሯን የአባቷ ጭን ላይ አሳረፈች።

"አባዬ፣ እሸኝ" አለችው።

ጀማል ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጎጠና አለቀሰ።