ሰሊጡ የረገፈበት ቀጠሮ

ችሎት ላይ ተረጋግቼ መቀመጥ ካቃተኝ ሁለት መኸር አለፈ። ጠበቆቹ ወገቡን ያመዋል ይላሉ። ይበሉ።

ሰሊጥ አብቃዩ ቆላ፣ ሸሕዲ ከተማ ዳኛ ሆኜ ስሠራ፣ ጥቅምት ላይ ፖሊስ በአንድ ጸብ የተያዙ ሁለት ሰዎች አቀረበልኝ። በዱላ ተፈነካክተዋል፤ ማን እንደጀመረ አልታወቀም። ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሁለቱንም ዐሥር ዐሥር ቀን ላቆያቸው አለ።

አንደኛው ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። "ኧረ በማርያም ጌታየ፣ እኔ ምስኪን ነኝ" ሲል የሞተችው እናቴ ችሎት የገባች መሰለኝ። አነጋገሯ እንዲሁ ነበር። ሆዴ ባባ፤ በመታወቂያ ዋስ ለቀቅሁት።

ሁለተኛው እዚሁ ቆላ ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። ቬንትሌተሩ ተበላሽቶ ላቤ ይንቆረቆራል፣ እሱ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል። ጯኺ ሰው ከድሮም አልወድም።

"ክቡር ዳኛ፣ ሰሊጤ ደርሷል! በዚህ ሳምንት ካላጨድሁት ተከፍቶ ይረግፋል። ሚስቴ አራስ ናት፣ ሌላ ሰው የለኝም!"

"ድምፅህን ቀንስ" አልሁትና ዐሥሩን ቀን ለፖሊስ ፈቀድሁ።

ትእዛዙን የምትተይበው ጸሐፊ ቀና አለች። "ጸቡ አንድ አይደል እንዴ? ለዚህኛው ምክንያቱን ምን ልበል?"

"ምርመራው አልተጠናቀቀም በይ።"

"የዚያኛውስ ተጠናቋል?"

"እንዳልሁሽ ጻፊ!" ብዬ ጮኽሁባት። ጯኺ አልወድም ባዩ እኔ።

ሰሊጥ ቀጠሮ እንደማያውቅ እዚህ አገር ሕፃንም አይስተውም። በማግስቱ መዝገቡን አስወጣሁ፤ አገላብጬ መለስሁት። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ሰውዬውን አስጠርቼ ትእዛዜን ብለውጥ ማን ይከለክለኛል? ግን ጸሐፊዋ ምን ትላለች? ፖሊሶቹስ? አፈርሁ። ቢሮዬ ውስጥ ስንጎራደድ ዐሥሩ ቀን አለቀ፤ ያን ጊዜ ለቀቅሁት።

ከሳምንት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልሸሽ ዳዳኝ፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝ።

"ሰሊጡስ?" አልሁት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ሰሊጥ አለ ክቡር ዳኛ! ረግፎ ወፍ ለቀመው። አገዳው ባዶውን ቆሟል።"

ድምፁ ያን ቀን የሰማሁት አልነበረም፤ ዝግ ያለ ነው። ለካ ችሎት ላይ ያስጮኸው ጭንቀቱ ኖሯል። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ጭራሽ እኔን ያጽናናኝ ጀመር።

"ኧረ አይዘኑ እርስዎ! በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባል የለ? የኔዋ እንኳን በፍርድ ነው የሄደች። ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል?"

"አዎ" አልሁት፤ "ሕግ ነው።"