ጌሙን የሚያነብልን ዑመይር

ቡታጅራ ውስጥ ዑመይርን የማያውቅ የለም ብል ውሸት ነው። የሚያውቀው ሰው ግን ሁሉ ይወደዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሥራው በርበሬ መነገድ ነው። ከመስቃን ገጠር በጋሪ ያስመጣል፣ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ሱቁ ይሸጣል። ትምህርቱን ከሁለተኛ ክፍል ጥሎ ወጥቷል። መልኩ መካከለኛ ነው፣ ቁመቱ ደግሞ ከኔ ያንሳል፤ ይቺን አጣርቼ ነው የምናገረው። ታዲያ በጎረምሳነታችን የነበረው የጌም ቤት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ «ዑመይር እኮ!» ይላል። ዑመይር እኮ፣ ዑመይር እኮ! የኔን ስም የሚያነሳ የለም። ካነሱኝም ያቺን ቀን ነው የሚያነሱብኝ።

እኔ ዳምጤ ነኝ፣ የመምህር ባዩ ልጅ። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ጨው እንኳ በእንግሊዝኛ ካልተጠየቀ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. የታሪክ ጌም ጀማሉ ቤት ሲመጣ፣ ያ ቦታ የኔ መሆኑ ጥያቄ አልነበረውም።

የትኛው ቦታ? ልንገራችሁ። ጀማሉ የእናቱን የእትዬ ሀጀራን ሻይ ቤት በመጋረጃ ከፍሎ ፕሌይስቴሽን ቤት አደረገው። ከመጋረጃው ወዲያ እናቱ ሻይና ፓስቲ ይሸጣሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት ቴሌቪዥን። በአንዱ ኳስ ነው፣ ጩኸት ነው፣ ስድብ ነው። በሌላው ደግሞ ጀማሉ ከመርካቶ ያመጣው ሲዲ አለ። እሱ እንደ ኳሱ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። የአንድን ጎበዝ ሕይወት ይዘህ አገር ለአገር ትዞራለህ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ታነጋግራለህ፣ ከጭራቅ ጋር ተራ በተራ ትማታለህ፣ ዛሬ ያቆምክበትን በሚቀጥለው ቀን ከዚያው ትቀጥላለህ። ችግሩ ሰዎቹ ድምፅ የላቸውም። የሚናገሩት ሁሉ ከታች በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ ቤቱ የራሱን ሥርዓት አወጣ፦ ሙባሪክ እጁ ፈጣን ስለሆነ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ አንድ ሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ስክሪኑ አፍንጫ ሥር ተቀምጦ ያነባል፣ ሌሎቻችን ሳንቲም አዋጥተን እንሰማለን። የአንባቢው ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ እንኳ ባዶውን ይጠብቀዋል።

ሦስት ሳምንት እኔ አነበብኩ። ልክ አድርጌ ነው ያነበብኩት! «ንጉሡ ቁልፉን ከማማው አምጣ ይላል» እላለሁ። «ሴትዮዋ ድልድዩ ተሰብሯል ትላለች» እላለሁ። ሙባሪክ ያዛጋል። አንዱ ወደ ኳሱ ዞሮ ይቀራል። እኔ ምን ላድርግ? የተጻፈው ያ ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ዑመይር ገባ። ያኔ ከአባቱ ጋር በርበሬ ያወርድ ነበርና ልብሱ ላይ ያለው ብናኝ ቤቱን በሙሉ አስነጠሰው። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ጥግ ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጺማም ሽማግሌ ነበር። «ሽማግሌው መንገዱ አደገኛ ነው፣ አትሂድ ይላል» አልኩ።

«ኧረ እሱ ይሄን ብቻ አይልም» አለ ዑመይር ከጥግ። «ፊቱን አታየውም እንዴ? ልጁን በዚሁ መንገድ ሸኝቶ የቀረበት ሰው ነው። ‹ልጄ፣ አንተን የመሰለ ጎረምሳ ነበረኝ፤ እንሴኖ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብሎኝ ወጣ፣ ይኸው አምስት ክረምት በሩን ሳልዘጋ አድራለሁ› ነው የሚለው።»

ከዚያ ምን ልበላችሁ! ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ንጉሡ የሚከራከር የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ፣ ጠንቋይዋ ቅቤ በሙዝ እየደባለቀች የምትሸጥ ነጋዴ ሆነች፣ ጭራቁ እንኳ ዘመድ ወጣለት። ኳስ ተጫዋቾቹ ጆይስቲካቸውን አስቀምጠው ዞሩ። «ቆይ ቆይ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት የኔ ቦታ የሱ ሆነ። ማንም ተነሳ አላለኝም። አንድ ቀን ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ተቀምጦበታል፣ አለቀ።

እርር ድብን አልኩ። እናቴ ቅናት አጥንት ያነቅዛል ስትል እሰማ ነበር፤ የኔ ከአጥንት አልፎ ጥርሴን አሳመመኝ። ማንበብ የማይችል ሰው እኮ ነው! ያውም መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራቱ ድርግም ሲል፣ ሁሉም ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አንድም ሰው ንቅንቅ አይልም። ስክሪኑ ጠቁሮ፣ እሱ ያነባል! ከጥቁሩ መስታወት ላይ እኮ ነው የሚያነበው! የኔ እንግሊዝኛ ግን መብራት ይፈልጋል።

ለኔ የቀረችልኝ አንዲት ነገር ፊደል ነበረች። ጌሙ አዲስ ሰው በተቀላቀለ ቁጥር ስም ስጡት ይላል። አንድ ቀን ቁስል የምታድን፣ ፀጉሯ አረንጓዴ የሆነ ልጅ መጣች። ጀማሉ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከበሩ መጥቶ «ባሂራ በሉልኝ» አለ።

ባሂራ ታናሽ እህቱ ናት። ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ መጀመሪያ በየወሩ ትደውል ነበር፣ ከዚያ ስልኳ ቆመ። ስምንት ወር ሆኖት ነበር። የጀማሉ ሞባይል በጮኸ ቁጥር እትዬ ሀጀራ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ ይሉና፣ የጀማሉን ፊት አይተው ይመለሱ ነበር። «ለፊደል ዳምጤ!» አሉኝ። ተነስቼ ስሟን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፣ ይሄን ያዙልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጀማሉ እኛ በምንጫወትበት ሰዓት ሥራውን ትቶ መቆም ጀመረ። ባሂራ ቁስል ስታድን ፈገግ ይላል። ደረጃዋ እንዲያድግ ብሎ ሙባሪክን በነፃ ያጫውተው ነበር፤ ጫካ ውስጥ እየዞርን ያንኑ ጭራቅ መቶ ጊዜ ገድለናል።

ያቺ ቀን መጣች። አንድ ዘንዶ እሳቱን ሲተፋ ባሂራ ጎበዙ ፊት ገባችና ወደቀች። ሙዚቃው ቆመ። ከታች ጽሑፍ ወጣ። ዑመይር ጽሑፉን አላየም፤ ምን ሊያይ? የጀማሉን ፊት ነው ያየው።

«አልሞተችም» አለ ቀስ ብሎ። «ሩቅ አገር ነው የተወሰደችው። ሰው ቤት ገብታ፣ በሩ ተቆልፎባት ነው ድምጿ የጠፋው። በሩ የተከፈተ ቀን ትደውላለች።»

ጀማሉ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ቤቱ ሁሉ ዑመይርን በፍቅር ያየዋል። እኔ ግን ጽሑፉን አየሁ፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው ሦስት ቃል። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ተነስቼ ጮህኩ፦

«ውሸታም ነው! ማንበብ አይችልም! ባሂራ ሞታለች ነው የሚለው! ባሂራ ሞታለች!»

ከመጋረጃው ወዲያ ብርጭቆ ተሰበረ። ቀጥሎ የእትዬ ሀጀራ ጩኸት መጣ። «ልጄን! ልጄን! ባሂራዬን!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እኛ መጋረጃውን እስክንገልጥ ጎረቤት ደረሰ፤ ጎረቤት ሲያለቅስ መንገደኛ ገባ፤ መንገደኛው መርዶውን ይዞ ወጣ። ሴቶች እያለቀሱ መጡ፣ ሰሌን ተነጠፈ፣ አንዱ ድንኳን ሊያመጣ ሄደ። አንዱ ቀልጣፋ ደግሞ አዲስ አበባ ላለው አጎቷ ደውሎ አርድቶ ጨርሷል። ጀማሉ «ጌም ነው! ጌም ነው!» እያለ ይለምናል፤ በለቅሶ መሀል ጌም ነው የሚልን ሰው ማን ይሰማል?

ዝም ያሰኛቸው ዑመይር ነው። እትዬ ሀጀራን ደግፎ አምጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ በዚያች ቦታው ላይ አስቀመጣቸው።

«እናቴ፣ የሞተችው ይቺ ናት። ፀጉሯን እይ።»

እትዬ ሀጀራ አዩ።

«የባሂራ ፀጉር አረንጓዴ ነው ወይ?»

«አይደለም» አሉ።

«በቃ፣ ይቺ ሌላ ናት። ስሟን ብቻ ነው የተዋሰችው።»

«ትደውላለች ያልከውንስ ሰምቻለሁ» አሉት እጁን ይዘው። «እሱ እውነት ነው?»

«ወላሂ ትደውላለች» አለ። በምን አውቆ ይምላል? ከዚያ ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ «ሞታለች ያለው ማነው?» አሉ፤ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዞረ።

አባቴ በቀበቶ ገረፈኝ፤ ያን ቀን እንኳ እንግሊዝኛ አልተጠቀመም። ጀማሉ ደጃፌን እንዳትረግጥ አለኝ። ሲዲውንም ከዚያ ቀን ወዲህ አላስገባውም።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። መርዶው ሲሮጥ ማስተባበያው ኋላ ቀርቷል። አጎቷ የሰማውን ቤሩት ላሉ የአገር ልጆች ደወለ። አንዲት የቡታጅራ ሴት አድራሻውን አፈላልጋ «የልጅቷን ሬሳ ስጡን» ብላ ባሂራ የምትሠራበትን ቤት በር ስትደበድብ ዋለች። አሠሪዋ ፖሊስ ይመጣብኛል ብላ ፈርታ ከስምንት ወር በላይ የዘጋችውን በር ከፈተች። በዘጠነኛው ቀን የጀማሉ ስልክ ጮኸ። «እማ፣ ሞትሽ ይሉኛል፤ እኔ እኮ አለሁ» አለች ባሂራ።

ከተማው ምን አለ? «ዑመይር ያወቀ ልጅ ነው! በር ተቆልፎባት ነው አላለም? ትደውላለች አላለም?» እኔ ቤቴ ትራሴን ነክሼ «ያስደወልኳት እኔ ነኝ! እኔ!» እላለሁ። ለማን ይነገራል? አምስት ዓመት ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ። በርበሬ እንኳ ከሌላ ሰው ነበር የምገዛው።

ባሂራ እዚያው ሌላ ቤት ስትሠራ ቆይታ በ2006 ተመለሰች። ጀማሉ የድሮ ተጫዋቾቹን እዚያው ሻይ ቤት ለምሳ ጠራ። እኔን የሚጠራኝ አልመሰለኝም፤ ዑመይር ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ተነስ፣ ያላንተ አልገባም» አለኝ። ደግነቱም አናደደኝ። ቀድሜው ገባሁና ያቺን የአግዳሚ ጫፍ ያዝኳት፤ አግዳሚው ያው ነበር። ዑመይር እንደ መጀመሪያው ቀን ጥግ ላይ ቆመ።

ወሬው ደራ። «ዘንዶውን በበረዶ ነበር መምታት!» ይላል ሙባሪክ። «አንተ ነህ በእሳት ያስጨረስከን» ይለዋል ሌላው። «እንደዚያ ያለ ጌም ድጋሚ አይመጣም፤ የዛሬዎቹ ሥዕል ብቻ ናቸው» ይላሉ። የሚያስታውሱት ታሪክ ሁሉ፣ ሊቀመንበሩም፣ የሙዝ ቅቤዋም፣ አንዱም ሲዲው ላይ የለም። እኔ አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ።

«ሞታለች ብሎ የጮኸው የትኛው ነው?» አለች ባሂራ ድንገት።

«ዳምጤ ነው» አለ ዑመይር። «እሱ ባይጮህ ያቺ ሴትዮ በርሽን አትደበድብም ነበር። ያስከፈተልሽ እሱ ነው። እኔማ ዝም ብዬ ነው የቀባጠርኩት።»

አምስት ዓመት የተመኘኋትን ቃል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እሱ ራሱ ሰጠኝ። ባሂራ ተነስታ ትከሻዬን ሳመችኝ። «አላህ ይስጥህ ወንድሜ» አለች።

«አታመስግኚኝ» አልኳት። «አንቺን አስቤ አይደለም። የሱን ቦታ ፈልጌ፣ በቅናት ነው የጮህኩት።»

እትዬ ሀጀራ አዩኝ፤ የተቀመጥኩበትንም አዩ። ባሂራ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

«ታዲያ እኔ ከወደቅኩ በኋላ ጌሙ ምን ሆነ?»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ በአንባቢው ቦታ ያለሁት እኔ ነኛ። መጨረሻውንም ከዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ፈልጌ አንብቤዋለሁ። ልጅቷ አትመለስም። ይቀብሯታል፣ ጎበዙ ብቻውን ይሄዳል፣ ያልቃል። ባሂራ ጉንጯን በእጇ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ አንጓዋ ላይ የብረት ምጣድ ያቃጠለው ጠባሳ አለ። ይሄን እንዴት አድርጌ ላንብብላት?

ቴሌቪዥኑ እንደጠፋ ነው። ቅናቱም እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም። ተነስቼ ቦታውን ለቀቅኩ።

«ዑመይር» አልኩት፣ «ና ተቀመጥ። አንብብላት።»