ከመስኮቴ ሥር የተነሣው ምድጃ

አራተኛው ወር ሲገባ ማቅለሽለሹ ሳይሰናበት ጥሎኝ ሄደ። አንድ ጠዋት ተነሥቼ ዳቦ አማረኝ፤ በላሁ፤ ሆዴ ውስጥ ረጋ። ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፣ አፍንጫዬ ይታፈናል፣ ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቷል፣ ከእንብርቴ ወደ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ረሃቤ ግን ተመልሷል። ሰው ሁሉ የእርግዝና ደጉ ጊዜ ይህ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የምፈራው ይህንኑ ጊዜ ነበር።

የመጀመሪያው ፅንስ የወረደብኝ በዚሁ ወር ነው። ያኔ የምርመራ ውጤቱን ከመስማቴ ለግቢው፣ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ለዘመድ ሁሉ አውጄ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ የመጡት ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ እግዜር ያጽናሽ ሊሉኝ ተመልሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በደግነት ነው የመጡት። እኔ ግን የአንዳቸውንም ፊት ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ በሁለተኛው ከባለቤቴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አልልም ብዬ ማልኩ። ሰፊ ቀሚስ ገዛሁ፣ ነጠላዬን ወደ ፊት ለቀቅ አድርጌ መልበስ ጀመርኩ፤ በቃ ተደበቅሁ ብዬ አሰብኩ።

የምንኖረው ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በሸዋ በር ገባ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ጎረቤቴ ሶፊ በሚባለው ገጠር ገበሬ ቤት ተወልደው ያደጉ፣ ሸዋ በር ገበያ ቅመም የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው። አዴ እላቸዋለሁ፤ እዚህ እናት የሚሆኑንን ሴቶች እንዲህ ነው የምንጠራው። የከሰል ምድጃቸው ከኩሽናዬ መስኮት ሥር ነው። እሳቸው ከታች ይጠብሳሉ፣ እኔ ከላይ አንገቴን አውጥቼ የገበያውን ወሬ እቀበላለሁ። እዚያ ቤት ከገባን ጀምሮ እንዲህ ኖረናል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ረመዳን በገባ ሰሞን ከሥራ ስመለስ ምድጃው ከመስኮቴ ሥር የለም። አዴ ከግቢው መጨረሻ፣ ነፋስ በሚገርፈው የአጥር ጥግ ጎንበስ ብለው ከሰል ያራግባሉ። ሰላም ስላቸው ሰላም አሉኝ፤ ግን ፈጠን ብለው ድስቱን ከደኑ። በማግስቱም እንዲሁ። ከደኑብኝ እኮ! እኔ ደግሞ በኩርፊያ ማንም አይቀድመኝም። መስኮቴን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ስልኩ ላይ ስለ እርግዝና የሚያስረዳ ነገር ጭኖ ነበር፤ ፅንሱን በየሳምንቱ ከፍራፍሬ ጋር ያስተያያል። ሴት ናት ብሎ ከራሱ ጋር ጨርሷል። «ልጃችን ማንጎ አክላለች» ይለኛል። «የየት አገር ማንጎ?» እለዋለሁ። አንድ ቀን ግን እያነበበ ሳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ብዙ እናቶች በዚህ ጊዜ የፅንሱ እንቅስቃሴ ይሰማቸዋል ይላል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ምንም አልተሰማኝም ነበር። ጤና ጣቢያ ባለፈው ስሄድ አዋላጇ የልብ ምቱን አሰምታኝ፣ መንቀሳቀሱ በቅርቡ ይሰማሻል ብላኛለች። ቀጠሮዬ ገና ነው። ቀድሜ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ዝምታውን ከመሣሪያው መስማት ፈራሁ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ በሌላው እጄ ሆዴን እደግፋለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩን ቀስ በል እያልኩ አሰለቸዋለሁ። እርጉዝ ስለሆንኩ ጠዋት እበላለሁ፤ ሰው እንዳያውቅብኝ ግን ትምህርት ቤት መደርደሪያ ኋላ ተደብቄ ዳቦዬን እጎርሳለሁ። ምግቤ የጾም ነው፤ ባቄላና ሽሮ። ሆዴን ይነፋኛል፣ ይጎረብጠኛል። ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ስገባ አዴ እዚያው አጥር ጥግ ናቸው። አዩኝና ድስቱን ከደኑ። በዚያን ቀን አልቻልኩም።

«አዴ፣ ምን በደልኩዎት?» አልኩ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ። «ከጠሉኝ ይንገሩኝ እንጂ ምድጃ ተሸክመው ይሰደዳሉ?»

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል?»

«እኔን ሲያዩ ድስት ይከድናሉ!»

«ያ ረቢ!» አሉና ማራገቢያውን ጣሉት። «ሽታው እንዳይደርስሽ ነው እንጂ! ሥጋ ነው የምሠራው። የእኛን እርድ አትበዪም፣ ደግሞ ጾም ላይ ነሽ። ቢያምርሽ ምን ላቀምስሽ ነው? ወላሂ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እርጉዝ መሆኔን አውቀዋል ማለት ነው። በዚህ ነገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ነን፤ ነፍሰ ጡር ሴት የምግብ ሽታ ከደረሳት መቅመስ አለባት፤ አምሮቷ ከቀረ ለፅንሱ ይፈራል። ሥጋ ላይ ግን ሁላችንም የየራሳችንን እርድ ነው የምንበላው። አዴ ሊያቀምሱኝ የማይችሉትን ሊያሸቱኝ አልፈለጉም።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ሽንኩርት ሳቁላላ መስኮቱን ድርግም ያደረግሽ ቀን አወቅኩ። ከውስጥ ስታስመልሺ ሰማሁሽ። ካልነገረችኝ ልትነግረኝ አልፈለገችም ብዬ ዝም አልኩ። ያለፈውን አብሬሽ አይቻለሁ እኮ።» ትንሽ አሰቡና «ለግቢው ሰውም ምንም አላልኩም» አሉ። «ጀሪካን እንዳታሸክሟት ብቻ ነው ያልኩት።»

ጀሪካኑ! ውሃ በመጣ ቁጥር ተሞልቶ ደጄ ላይ የሚጠብቀኝ ጀሪካን። ባለቤቴ ነው ብዬ ስንት ጊዜ መረቅሁት፤ እሱም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ምርቃቱን ተቀበለ። ለሱ በኋላ ደረስኩለት።

እንባዬ ቀደመኝ። በርጩማቸውን ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ። ለማንም ያላልኩትን እዚያ ጭስ ውስጥ ተናገርኩት።

«አይንቀሳቀስም፣ አዴ። ጊዜው ደርሷል፣ እሱ ግን አይንቀሳቀስም።»

አዴ አልተጣደፉም። «ምንም ምንም አይልሽም?»

«ምንም። ሆዴ ተነፍቶ ይጎረብጠኛል እንጂ። የባቄላ ነገር።»

«የት ጋ?»

ከእንብርቴ ዝቅ ብዬ አሳየኋቸው።

«መቼ መቼ?»

«ጋደም ስል። ስኳር የበዛበት ሻይ ስጠጣ።»

ፊታቸው ተፈታ። ከዚያ ሳቁ፤ ጾም ያደረቀው ጉሮሯቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አቦ! ሻይ ሲቀምስ የሚዘል ባቄላ የት አገር አለ?» ወዲያው ደግሞ ኮስተር አሉ። «ቢሆንም ነገ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። በሳቅ አናልፈውም።»

ከምድጃው አጠገብ የነበረውን ትንሽ ሳህን ገለጡ። ሳምቡሳ ነው። «የምስር ነው፣ ዘይቱም የብቻው ነው። በየቀኑ ላንቺ ብዬ እሠራለሁ። ከላክሁልሽ ማወቄን ታውቂያለሽ ብዬ ሳፈጥር እኔው እበላዋለሁ። ምስር ሰልችቶኛል፣ ልጄ።»

እያለቀስኩም እየሳቅሁም በላሁ። አፌን አቃጠለኝ። አዛን ሲሰማ አዴ ተምራቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ከእንብርቴ ዝቅ ብሎ ያ የማውቀው ነገር ከውስጥ ቀስ ብሎ ነካኝ፤ ደገመኝ። ሰሞኑን ሁሉ ሲነካኝ ሰንብቶ ኖሯል፤ እኔ ሽሮውን እረግም ነበር።

«አዴ፣ አሁን! አሁን!»

ተምሩ በእጃቸው እንዳለ ቀረ። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላሉ፣ አይኖቻቸው ሆዴ ላይ ናቸው።

«ያፍጥሩ እንጂ!»

«ቆይ እስቲ፣ ቆይ» አሉኝ።

በማግስቱ አዋላጇ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ስታደርግ ልቡ እየተጣደፈ ተሰማ። አዴ ግድግዳውን ተደግፈው በሻሻቸው ጫፍ አይናቸውን ጠረጉ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። እኔ ብቻዬን የፈራሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ሳላውቅ ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ አብሮኝ ሲፈራ ከርሟል። እንዲያ ባሉ ሰዎች ፊት ማልቀስ ያን ያህል የሚያስፈራ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ቤት ገብቼ የኩሽናዬን መስኮት ከፈትኩና አንገቴን አወጣሁ። ሴቶቹ ልብስ ያሰጣሉ።

«እርጉዝ ነኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እናውቃለን!» አለች ከማዶ አንዷ፣ ዞር እንኳ ሳትል። «ጀሪካኑን እንዳትነኪ!»

ባቄላዬም ከውስጥ ተገላበጠ።