በርባንክ ሄጄ «ይቅርብኝ» ያልኩ ቀን

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ሐምራዊ አበባ የሚያረግፉት ዛፎች መንገዱን አልብሰውት ስለነበር ግንቦት ሳይሆን አይቀርም፤ ሰኔ ነው የሚለኝ ካለም አልከራከርም። ማለዳ ነበር። ብርዱ ገና ለቀቅ አላለም።

ጎህ ሲቀድ፣ ሰፈሬ ሚድ ሲቲ

ማርታ ሞተሩን ሳታጠፋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የጎረቤቴ ልጅ ናት። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ሠራተኞች አሉት፤ አብዛኞቹ እንደ እኛ ከአገር ቤት የመጡ ናቸው። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ እንዴት እንደዋሉ አይተው፣ መዝነው፣ በየቀኑ ሪፖርት ይጽፋሉ። ይህን ማየትና መጻፍ እንድታስተምራቸው ኃላፊነቱ ለማርታ ተሰጥቷታል።

«ጋሼ፣ ሬዲ ነህ?»

አንቱታውን ከተወችው ቆይታለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

«ሬዲ ነኝ። እኔ ግን አራተኛ ክፍልን አልጨረስኩም፤ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?»

«ምንም አትሥራ። ዝም ብለህ ሽማግሌ ሁን።»

«እሱንማ እችልበታለሁ።»

ፀሐይ ስትወጣ፣ ፌርፋክስ

የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም። አንድ ሰውዬ በጎማ ውሃ የእግረኛ መንገዱን ያጥባል። ማርታ ከአንዱ ቤት በጓሮ በር ገብታ በትልልቅ ሳህን የታሸገ ምግብ ይዛ ወጣች፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንጀራ። መኪናው ውስጥ ሽታው አወደኝ። ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ማርታ መሪውን በጣቷ እየመታች ታወራኛለች።

«ባለፈው ግማሽ ቀን ሙሉ ስላይድ አሳየኋቸው። ሶ፣ ሁሉም ኦኬ ኦኬ አሉኝ። በሳምንቱ ሪፖርቱን ቼክ ሳደርግ ያው ነው! ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው።»

«ደህና ቢሆኑስ?»

«ሁሉም? ሁሌ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ዛሬ አለቃዬ ቁጭ ብላ ታያለች። ካልሠራልኝ ትምህርቱን ለውጭ ሰዎች ትሰጠዋለች፤ እኔም ወደ ድሮው የማታ ፈረቃዬ።»

አሁን ስላይዱን ትታዋለች። ሽማግሌ በዓይናቸው ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ዕቅዱ ይኸው ነው። ሽማግሌው ደግሞ እኔ።

ረፋዱ ላይ፣ በርባንክ

ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ጣሪያ የሚነኩ ይመስላሉ። የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አለቃዋ፣ ነጭ ፀጉር ያላት ፈረንጅ፣ ከኋላ። ኤደን የምትባል እዚሁ አገር ያደገች ልጅ እንድታስተናግደኝ ተመደበች። የምግቡን ክዳን ከፈተችው።

«ጋሼ፣ ምሳ ትፈልጋለህ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ ልጄ፣ አትቸገሪ።»

«ኦኬ» ብላ ከደነችው!

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ሁለተኛውን ልመና ብጠብቅ፣ ብጠብቅ የለም። ጉልበትህን ያምሃል ወይ አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አልኩ። ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ሁሉም አቀርቅረው ይጽፋሉ።

ንባቡ ተጀመረ። «ደህና ናቸው። ምግብ አልፈለጉም።» ቀጣዩም ያው። ቀጣዩም ያው። አለቃዋ ሰዓቷን አየች። የማርታ ፊት ሲለዋወጥ ሳይ ጨነቀኝ፤ ልጅቷን ያጠፋኋት እኔው መሰለኝ።

ከዳር የተቀመጠች፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ተራዋ ደረሰ።

«አልፈልግም አሉ። ክዳኑ እስኪዘጋ ግን ዓይናቸው ከሽሮው አልተነሣም። ደህና ነኝ አሉ። ሲነሡ ግን ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ እንደ እናቴ ነዎት። ቤቱ ቢቃጠልባትም ደህና ነኝ ነው የምትለው። ርቦዎታል አይደል?»

በዚህ ዕድሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ራበኝ ማለት ቀላል አይደለም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም አልበላሁም፤ አብረን እንብላ» አለችኝ።

«በጣም ርቦኛል» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልፈልግም አልከኝ?» አለች ኤደን።

«አንዴ ብቻ ነዋ የጠየቅሽኝ!»

ማርታ ለአለቃዋ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና አንድ ነገር ጠየቀች። ምግብ አልፈለጉም ብለን የጻፍንላቸው ስንቶቹ ናቸው? ነው ያለችው።

ኤደን እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንደነገረችን፣ ፓልምስ የሚባል ሰፈር የምትንከባከባቸው እናት አሉ። በየቀኑ አንዴ ትጠይቃለች፣ አይ ይላሉ፣ አልፈለጉም ብላ ትጽፋለች። ቢሮውም ሪፖርቱን አይቶ ይልክላቸው የነበረውን ምሳ አስቀርቶታል።

ማርታ አልተቆጣቻትም። «እንደገና ጻፉ» አለች። እኔ እየበላሁ እነሱ እያዩኝ ጻፉ። የአንዱ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ለሦስተኛ ጊዜ ሲለመኑ ሁለት እንጀራ በሉ።»

«አንድ ተኩል ነው!» አልኩ በጉርሻ መሀል።

አለቃዋ ስትወጣ የማርታን እጅ ይዛ ለቀሩት ሠራተኞችም በዚሁ መንገድ እንድታስተምር ነገረቻት።

ከሰዓት፣ ፓልምስ

የተረፈውን ምግብ ይዘን በቀጥታ እናትዬዋ ዘንድ ሄድን፤ ማርታ፣ ኤደን፣ ባለ ቢጫ ሹራቧና እኔ። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ገና ደረጃው ግማሽ ላይ ቆምኩ። ባለ ቢጫ ሹራቧ ልጅ ክንዴን ይዛ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ያመኛል» አልኩ።

«በቃ ቀስ እንላለን» አለችና እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አብራኝ ቆመች።

እናትዬዋ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ናቸው። ኤደን ሳህኑን አቀረበች።

«አይ፣ በልቻለሁ ልጄ።»

«እማማ፣ ትንሽ ብቻ ብዪ።»

«ኧረ ተዪኝ፣ አትልፊ።»

ኤደን ወደ እኔ ዞረች። ጠቅልላ ወደ አፋቸው አስጠጋችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «በሞቴ!» አለች።

እናትዬዋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ሳህኑ እስኪያልቅ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ኤደን የዕለቱን ሪፖርት እዚያው ጻፈች፤ ረጅም ነበር።

ስንወርድ ያቺው ልጅ ክንዴን ይዛለች። ቀኑን ሙሉ ስሟን አለመጠየቄ ትዝ ብሎኝ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ጠየቅኳት። ሰናይት ትባላለች።